በር የሌለው ጫካ

የወር ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ዛሬ የት ትወስዱናላችሁ?» የሚል ነው። የሐዋሳ ሰው ለዚህ መልስ አያጣም። አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ሲበላ አባ ኮዳ እንደ አንድ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ሰብሮ ከፊቱ ይቆምለታል። ለአርባ ምንጭ ሰው ነጭ ሣር ከደጁ ነው፤ የሜዳ አህያና አዞ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ለእኛ ለጨለለቅቱ ሰዎች ግን ነገሩ የከበደ ይመስላል። መኪና የለንም፤ ተከራይተን እንሂድ ብንልም የነዳጁ፣ የመግቢያው፣ የአስጎብኚውና የምሳው ሒሳብ ሲደመር ከአንድ መምህር ኪስ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ለልጆቹ ከረሜላ ይገዛላቸውና ጥያቄው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

እኔ በቅርቡ እናቴን፣ ታናሽ እኅቴንና የታላቅ ወንድሜን ሁለት ልጆች ይዤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከዱር አራዊት ጋር ውዬ መጣሁ። መግቢያ አልከፈልንም፤ የሚከፈልበት በርም አልነበረም። ከተማችንን ለቀን በእግራችን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መሄድ ብቻ በቃን።

ጨለለቅቱን ለማያውቁ አንባብያን መንገዱን ልንገር። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዘው ሲጓዙ ሐዋሳን አልፈው 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የጌዴኦ ዞን ከተማ የሆነችውን ዲላን ያገኛሉ። ከዲላ ቀጥሎ ወናጎ፣ ከወናጎ ቀጥሎ ስሟ በዓለም የቡና ገበያ የገነነው ይርጋ ጨፌ ናት። ጨለለቅቱ ከይርጋ ጨፌ ወዲያ በኮቸሬ ወረዳ ትገኛለች። ቡና በሚለቀምበት ወራት የመጣ እንግዳ ከተማዪቱን ከማየቱ በፊት በሽታዋ ያውቃታል፤ የተፈለፈለ ቡና ገለፈት ጣፋጭና ኮምጣጣ ሆኖ ይሸታል፤ በየማድረቂያው አልጋ ላይም ቡናው ተዘርግቶ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲለቅሙት ይታያል። ከዚህ በቀር አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ ብዙ ባጃጅና ከሰዓት በኋላ የማይቀር ዝናብ ነው። ስለ ከተማው ይህን ያህል ካልሁ ይበቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከከተማው ዳር ነው። የጌዴኦን ማሳ አይቶ የማያውቅ ሰው «እርሻው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ያደግን ሰዎች እርሻ ስንል የተገለጠ መሬት፣ በሬና ሞፈር ይታየናልና። እዚህ ማሳው ራሱ ጫካ ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አድርገው ይገምቱት። ከላይኛው ፎቅ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎችም የአገር ዛፎች ጥላቸውን ጥለው ይቆማሉ፤ ከመካከለኛው እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ከምድር ቤቱ ቡናው፣ ጎመኑና ቦዬው ይገኛል። ዛፉ ቅጠሉን እያረገፈ መሬቱን ይቀልባል፤ እንሰቱ ውኃ ይይዛል፤ ቡናው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይበስላል። ተዳፋቱ እንዲህ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ አፈሩ በዝናብ ታጥቦ ያልሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ወፎቹም ከጫካው እስኪደረስ አይጠብቁም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥላ ቡና ማሳዎች ላይ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጫካ ወፎች ዛፍ ባልተቆረጠበት የቡና ማሳ ውስጥም እንደሚኖሩ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ጌዴኦ የተጻፈ ባይሆንም እኛ መንገድ ላይ ያየነው ይህንኑ ነበር። ትንሹ ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ያየውን ወፍ ሁሉ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ሁለቱ እጆቹ ሲያልቁበት የእናቴን ጣቶች ተበደረ።

ጫካው ከኮረብታው ራስ ላይ ነው። በጌዴኦ አገር እንዲህ ያሉ ጫካዎች በየተራራው ጫፍና በየሸለቆው አሉ። የአባቶች ቦታ ናቸው። የባሌ ሥርዐት ሽማግሌዎች ለአምላካቸው ለማጌኖ የሚጸልዩባቸው፣ የሚመርቁባቸውና ሥርዐታቸውን የሚፈጽሙባቸው ስለ ሆኑ ዛፍ አይቆረጥባቸውም፤ አይታረሱም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ክርክር የሚሰሙበት ሶንጎም የሚቀመጠው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ባለ መስክ ላይ ነው። የእኛን ጫካ ስም እዚህ አልጽፍም፤ የሚጠብቁት ሽማግሌ እንግዳ ሲበዛ ደስ እንደማይላቸው ነግረውኛልና።

በር የለውም ማለቴ ግን እንደ ገበያ ሰው ዘው ብሎ ይገባል ማለት አይደለም። አስቀድመን በጎረቤት በኩል ልከን ነበርና ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁን። እናቴ ጌዴኡፋ አጥርታ ስለምትናገር ሰላምታውን እሷ ጀመረች። የከብቱ፣ የልጆቹ፣ የዝናቡ ደኅንነት ተራ በተራ ከተጠየቀ በኋላ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ምሳችንን ነው፣ አባቴ።»

«መጥረቢያ?»

«የለንም።»

«ገጀራስ? ቢላዋስ?»

እናቴ አገልግሉን ከፍታ የዳቦ መቁረጫውን ቢላዋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና «ይህማ ለዳቦ ነው» ብለው ሣቁ፤ ቢላዋው ግን እስክንመለስ ድረስ እሳቸው ዘንድ ቀረ። ዳቦውን በእጃችን ቆርሰን በላን። በዚህ አገር ትኬት የሚቆረጠው እንዲህ ነው።

ከጥላው ስንገባ በመጀመሪያ የተሰማን ዝምታው ነው። ከዚያ ብርዱ፤ ከማሳው ይልቅ እዚያ ይቀዘቅዛል። ዝግባና ጥቁር እንጨት ሁለትና ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ሆነው ቆመዋል፤ ሽበት የመሰለ ሽበት ከየቅርንጫፋቸው ተንጠልጥሏል። እኅቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ ያሉትን ዛፎች በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ምድሩ በረገፈ ቅጠል ስለ ተሸፈነ የእግራችን ኮቴ አይሰማም። ትልቁ ልጅ «አጎቴ፣ አንበሳ አለ?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። የለም አልሁት። ጥቂት ቅር ያለው መሰለኝ።

አንበሳ የለም፤ ጉሬዛ ግን ነበር።

ከላያችን ቅርንጫፍ ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማንና ቀና ብንል ነጭ ካባ ደርበው በዛፉ ራስ ላይ የተቀመጡ አየን። አንዱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ካባው በጀርባው ተዘርግቶ፣ ረጅም ጭራው በነጭ ጎፈሬ አልቆ፣ የሚበር እንጂ የሚዘል አይመስልም ነበር። ሕዝባችን ጉሬዛን መነኩሴ ነው የሚለው ስለ ልብሱ ብቻ አይመስለኝም። ከሌሎቹ ጦጣዎች እንደ አንዱ ከሰው ማሳ ገብቶ በቆሎ ሲዘርፍ ዘወትር አይገኝም፤ ከዛፉ ላይ ዝግ ብሎ ተቀምጦ ቅጠሉን ይበላል። ቅጠል ደግሞ በቀላሉ የማይፈጭ ምግብ ስለ ሆነ ጨጓራው እንደ ላም ጨጓራ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው፤ በልቶ ሲያበቃም ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ያርፋል። ልጆቹ «ለምን አይንቀሳቀስም?» እያሉ ሲያስቸግሩኝ ምሳውን እየፈጨ ነው ብዬ መለስሁላቸው።

በእጁ አውራ ጣት የለውም ቢባል ይቀላል፤ ያለው ጉጥ ብቻ ነው። ሳይንስ ለወገኑ የሰጠው «ኮሎቡስ» የሚለው ስም ጎዶሎ፣ የተቆረጠ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሁለተኛው ስሙ ነገር ግን ለእኛ የበለጠ ደስ ያሰኛል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ ከኢትዮጵያ ጉዞው ተመልሶ በ1835 እ.ኤ.አ. ይህን እንስሳ ለሳይንስ ባስተዋወቀ ጊዜ ስሙን ከእኛው አፍ ወስዶ «ጉሬዛ» ብሎ መዘገበው። እነሆ ዛሬ በቶኪዮም በለንደንም ያለ የእንስሳት ሊቅ ይህን ጦጣ በአማርኛ ስም ይጠራዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከፊዚክስ ሕግ ሁሉ ይልቅ ይህ በልባቸው ይቀራል።

እንዲህ ባለ ውበቱ ተጎድቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ሴቶች የጉሬዛ ቆዳ መልበስ ፋሽን ስላደረጉት ከአፍሪካ ብዙ ቆዳ ተጭኖ ሄዷል። በአገራችንም ጋሻና ልብስ ማስጌጫ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የሚያሰጋው አዳኙ አይደለም፤ የሚዘልበት ዛፍ ማለቁ ነው።

ትንሹ ልጅ ድንገት «ነጩን አየሁ!» ብሎ ጮኸ። እውነት ነው፤ ከአንዲቱ እናት ደረት ላይ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ የሆነ ግልገል ተለጥፎ ነበር። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው በኋላ በወራት ውስጥ ነው። ከመንጋው ያሉት ሴቶች ሁሉ ግልገሉን እየተቀባበሉ ያቅፉታል። እናቴ ይህን ስታይ «እንደ እኛው ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቦታ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንሣት አልተቻለም።

ከጉሬዛው ቀጥሎ ያየነው ሶሪት ነው። ሲቀመጥ አረንጓዴ ስለ ሆነ ከቅጠሉ መለየት ያስቸግራል። ጉንጩ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ካላወቁት ያልፉታል። ክንፉን ሲዘረጋ ግን ደም የመሰለ ቀይ ቦግ ይላል። ይህ ቀይ ቀለም እንደ ሌሎች ወፎች ቀለም አይደለም፤ ውስጡ መዳብ አለበት፤ የሶሪትና የዘመዶቹ ብቻ ነው። ላባው በሳሙና ውኃ ቢነከር ቀለሙን ይለቃል። እኅቴ «እንሞክረው» ብላ የወደቀ ላባ መፈለግ ጀመረች፤ ብታገኝም ሽማግሌው አይፈቅዱላትም ነበርና ባለማግኘቷ ደስ አለኝ።

ከዚሁ ወፍ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ። ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የተባለ ወጣት ጣሊያናዊ ልዑል የደቡብ ኢትዮጵያን አገር ሲያስስ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ዕቃው ወደ አገሩ ተልኮ ሲፈተሽ ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ማንም አይቶት የማያውቅ አንድ የሶሪት ዓይነት ተገኘ፤ ነገር ግን የት እንደ ያዘው የተጻፈበት ወረቀት አልነበረውም። በ1896 እ.ኤ.አ. ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ በልዑሉ ስም ሰየመው፤ አገሩ ግን ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። በኋላ እንደ ታወቀው ይህ ወፍ በዓለም ላይ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በነጌሌና በአሬሮ በኩል። ከእኛ ከጌዴኦ ሰዎች ጋር ጎረቤት ነው ለማለት ይቻላል።

ሌላም ጎረቤት አለን። ከጌዴኦ በስተምሥራቅ በሲዳማና በጉጂ ደጋ፣ ከዚያም በባሌ የሚኖር ቀርከሃ የሚበላ ጦጣ አለ፤ የባሌ ጦጣ ይባላል፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። የሳይንስ ስሙን ከጀምጀም አገር የወሰደለት ኖይማን ሲሆን ዘመኑም 1902 እ.ኤ.አ. ነበር። ዶክተር አዲሱ መኮንን የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት ጫካው ተቆራርጦ በቀረባቸው ቦታዎች ይህ ጦጣ ቀርከሃውን ሲያጣ ሌላ ሌላ ነገር እየበላ፣ ከገበሬው ማሳ እየገባ፣ ከሌላ ዘር ጦጣ ጋርም እየተዳቀለ መኖሩን ገልጸዋል። ችግረኛ ምን ያደርግ? ሆኖም ገበሬው በቆሎው ሲበላበት ስለ ጦጣው ብርቅነት ብንነግረው የሚሰማን አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን አልሰማም።

ምሳችንን የበላነው ከጫካው ዳር ካለው መስክ ላይ ነው። እናቴ በአገልግል ያመጣችው ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ነበር፤ ቡናው በቴርሞስ። ሽማግሌውን ለምነን አብረውን ተቀመጡ። ጨዋታችን ቀስ እያለ ወደ ጫካው ሄደ። በልጅነታቸው ጫካው ከታች እስካለው ወንዝ ድረስ ይደርስ እንደ ነበር በበትራቸው አሳዩኝ። ዛሬ ከወንዙ እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ያለው ማሳ ነው፤ ከማሳውም መካከል ረድፍ የያዘ ባሕር ዛፍ ይታያል።

«ማን ወሰደው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንም አልወሰደው። ልጆች ተወለዱ።»

ይህን ቃል በቁጥር ልተርጉመው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ የመሬቱ ስፋት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው፤ በገጠር፣ በተራራ ላይ፣ ከእርሻ ብቻ ለሚኖር ሕዝብ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው ማሳ በየትውልዱ እየጠበበ ሄዷል። በአንዳንድ ቦታ ጫት፣ በአንዳንድ ቦታ ባሕር ዛፍ የእንሰቱንና የዋንዛውን ስፍራ እየያዘ ነው፤ ቶሎ ገንዘብ ይሆናልና። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ኮረብታ ሙሉ ዛፍ ሳይነካ መቆሙን ልብ ይሏል። «በነጻ» ገባን ማለታችን ስሕተት የሌለበት አነጋገር ቢሆንም፣ ዋጋውን የከፈለ ሰው አለ። ያ መሬት ቢታረስ ስንት ቤተ ሰብ እንጀራውን ያገኝበት ነበር፤ እንጨቱ ቢሸጥ ስንት ልጅ ደብተር ይገዛበት ነበር። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ራሱን ከልክሎ ኖሯል፤ ማንም ግን ደረሰኝ አልሰጠውም።

የከለከለው ፍርሃትና አክብሮት ነበር። ዛሬ ጥያቄው ያ አክብሮት ወደ ማን ይተላለፋል የሚል ነው። በዚያው ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከአሥሩ ሰባት የሚሆነው ፕሮቴስታንት ክርስቲያን መሆኑ ተመዝግቧል፤ የአባቶችን ሥርዐት የሚከተለው ጥቂት ነው። ሽማግሌው ስለ ልጆቻቸው ሲነግሩኝ ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ናቸው። «የጫካውን ነገር ባነሣባቸው ‹አባባ፣ ዛፍ አይመለክም› ይሉኛል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ አትቁረጡ ነው ያልኋቸው እንጂ አምልኩ መቼ አልኋቸው?» አሉ።

እኔ በበኩሌ በዚህ ክርክር ውስጥ ሽማግሌውና ልጆቻቸው የሚጣሉበት ነገር አይታየኝም። አዳም ገነትን እንዲጠብቃት እንደ ታዘዘ ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን ያስተምራሉ፤ አባትየው ደግሞ ሲጠብቅ ኖሯል። በጎንደርና በጎጃም ከአውሮፕላን ቁልቁል ለሚያይ ሰው በተራቆተው ምድር መካከል እንደ ደሴት የሚታዩት አረንጓዴ ቦታዎች የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው፤ እነዚያም ዘበኛ ኖሯቸው አይደለም የቆሙት። የመናገሻን ደን በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በአገራችን ዛፍ የጠበቀው ሕግ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ አንድ የሚከበር ነገር ሁልጊዜ ከበስተኋላው ነበር። ሃይማኖቱ ሲለወጥ ዛፉ አብሮ መውደቅ አለበት የሚል ሕግ ግን የትም አልተጻፈም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ትምህርት ቤቶቹና ቀበሌው ነገሩን በጊዜ ካልተረከቡት ሽማግሌው ያለፉ ዕለት ጫካው ባለቤት የሌለው እንጨት ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ከልጆቻቸው ማንም ከመንገዱ ዳር ቆሞ «መጥረቢያ ይዛችኋል?» ብሎ ለመጠየቅ የተዘጋጀ አላየሁም።

በዓለም ላይ የታወቀው መንገድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሎውስቶን በአሜሪካ በ1872 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ነባሮቹ ሕዝቦች ከቦታው እንዲወጡ ተደረገ። እኛም በሰሜን ተራሮች የግጭን መንደር በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ አዛውረን ዋልያውንና ሣሩን ለማዳን ሞክረናል፤ ፓርኩም በ1996 እ.ኤ.አ. ከገባበት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ይህ ለተራራው የሚገባ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለጌዴኦ ግን አይሆንም፤ ሰውን አውጥቶ ጫካውን የሚያስቀር ሰው ጫካውንም አያገኘውም፤ ዛፉን የተከለውና የጠበቀው ያው ሰው ነውና።

ዩኔስኮም ይህን የተረዳ ይመስላል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ማሳው፣ ሰዉ፣ የተቀደሱት ጫካዎችና በየኮረብታው የቆሙት ትክል ድንጋዮች ሁሉ በአንድነት ነው የተመዘገቡት። ባሌ ተራሮችም በዚያው ጉባኤ ገብተዋል። ስለ ትክል ድንጋዮቹ ብዙ ማለት በተገባ ነበር፤ በዞኑ ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑና ሳካሮ ሶዶ ካሉት አንዳንዶቹ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓ.ም. እንደ ቆሙ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጿል። ለሌላ ቅዳሜ ይቆየን።

ዶክተር ታደሰ ኪጴ ስለ ጌዴኦ አስተራረስ በሆላንድ አገር በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የታወቀ ጥናት አለ። አርእስቱ ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ይናገርና መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለው። የዓለም ቅርስ ሆነ ብለን በደስታ ከበሮ ስንመታ ያችን የጥያቄ ምልክት ማንም አልፋቃትም። መዝገቡ ላይ መግባት መልካም ነው፤ ሆኖም ሪያድ ላይ የተፈረመ ወረቀት ቅዳሜ ማታ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን አያስቆመውም።

ለመሄድ ለሚያስቡ አንባብያን ጥቂት ነገር ልጨምር። ከዲላ የሚመጣ ሰው ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይነሣ፤ ጉሬዛ የሚጮኸውና ወደ ፀሐይ የሚወጣው በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ አይቀርም። በጥር ወር ገደማ የሚመጣ ሰው የጌዴኦን የምስጋና በዓል ደራሮን ሊያገኝ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ በአካባቢው ሰው በኩል ሽማግሌ ይፈለግ፤ ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር ነው። ሙዚቃ የሚያጫውት ሳጥን ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ እባካችሁ እቤት ተዉት፤ ጉሬዛው ድምፅ ሲሰማ ዛፍ ሁለት ዛፍ አልፎ ይሄዳል። የሃይላንድ ጠርሙስም እንደ መጣ ይመለስ፤ እኛ ሰባት ከመሬት ለቅመን አወረድን፤ የእኛ ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በትምህርት ቤታችን ያሉ ጥቂት ተማሪዎች በየወሩ አንድ ቅዳሜ እየወጡ ጉሬዛዎቹን እየቆጠሩ ለመመዝገብ ተስማምተዋል፤ ሽማግሌውም ፈቅደዋል፤ ያዘዙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እርሳስና ደብተር እንጂ ሌላ ነገር እንዳይያዝ፣ ከልጆቻቸው አንዱም አብሮ እንዲቆጥር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደመናው ከበስተምሥራቅ ጠቆረ። ሽማግሌው ቢላዋችንን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው መለሱልን። ትልቁ ልጅ አሥራ አንድ ጉሬዛ ቆጠርሁ ሲል ትንሹ «ግልገሉን ረሳኸው፣ አሥራ ሁለት ናቸው» ብሎ እስከ ከተማው ድረስ ተከራከሩ፤ እናቴም ከግልገሉ ጋር አሥራ ሁለት መሆናቸውን መሰከረች።